አሮጌው ዛፍና መጋዝ የያዘው ሰው

አማርኛ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ግስ ጠርቶ ዝም ማለት ይችልበታል። «ተወው» ስንል አንዳንዴ «ማረው» ማለታችን ነው፤ ዱላ ያነሳን ሰው የምናስቆመው በዚህ ቃል ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ትቶት ሄደ» እንላለን፤ ያን ጊዜ የምናወራው ቤቱን ስለበተነ ባል ወይም ልጁን ስለጣለ አባት ነው። ምሕረትና ቸልታ በአንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ የተኙ ይመስላሉ። ሰው ራሱን ሲመረምር የትኛውን እንዳደረገ ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። ይህን ነገር እንዳስብበት ያስገደደኝ መጽሐፍ አይደለም፤ በአንድ አሮጌ የአቮካዶ ዛፍ ሰበብ በቤተሰባችን ውስጥ የተነሳ ክርክር ነው።

ዛፉ ያለው ይርጋለም ነው። ይርጋለም ከሐዋሳ ወደ ዲላ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብላ የምትገኝ፣ እንሰትና ቡናው፣ ሙዝና አቮካዶው በየጓሮው የተቃቀፈባት የሲዳማ ከተማ ናት። እናታችን ዛፉን የተከለችው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ በሕይወት ሳለችም ፍሬው ተለቅሞ ባለቀ ቁጥር ሰው ቀጥራ ታስወጣበት፣ የደረቀውን ታስቆርጥለት፣ ወደ ቤቱ የሚያዘነብለውን ታስከረክም ነበር። መጀመሪያ ሕመም ያዛት፤ ቀጥሎ ሞት ወሰዳት። ከዚያ በኋላ በዛፉ ላይ መጋዝ ያነሳ አልነበረም። አሥር ዓመት አለፈ። ዛፉ የጣሪያውን ቁመት ሁለት እጥፍ ጥሎት ሄደ። ፍሬው ሁሉ ከላይ፣ ፀሐይ ካለበት ሆነ፤ የሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ የቀረው እርጥብ ጥላና ሽበት የመሰለ ነገር የወረሰው ደረቅ እንጨት ነው። ከዚያ ከፍታ የሚወርደው ፍሬ መሬት ላይ ይፈርጣል፤ የፈረጠ አቮካዶ ደግሞ ነጋዴ ዞሮ አያየውም። አንድ ነሐሴ ላይ ነፋስ የሰው ወገብ የሚያህል ደረቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ የማድቤቱን ቆርቆሮ በሳው። ማድቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

ክርክሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። «ይቆረጥና ይለቅልን፤ በቦታው ሙዝ እተክላለሁ» አለ። ታላቅ እህታችን ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዋሽንግተን ናት። «የእናቴን ዛፍ እንዳትነኩ!» ብላ በስልክ አለቀሰች። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ በሁለቱ መካከል መልእክት አመላላሽ ሆንኩ፤ ይህ መቼም ከጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ከሚገኙት ጥቅሞች አንዱ ነው።

ሁለቱንም ደጋግሜ ሰማኋቸው። እህቴ የምትከራከረው በፍቅር ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን እሷ የምትጠብቀው ዛፍ በልጅነቷ ጥላው ሥር ቁጭ ብላ ፀጉሯን የተሠራችበት፣ የሰፈር ልጆች ያለ መሰላል ይወጡበት የነበረው ዛፍ ነው። ያ ዛፍ ዛሬ የለም። በእሱ ስም የቆመው ሌላ ነው። ወንድሜ ደግሞ የሚያየው ዛሬ ያለውን ነው፤ የሚያየውም ከሥሩ ሆኖ፣ ልጆቹ በሚተኙበት ጣሪያ በኩል ነው። አንድን ነገር ከሩቅ የሚወድ ሰውና ከቅርብ የሚሸከም ሰው እኩል ሊያዩት አይችሉም። ታዲያ የመወሰን መብቱ የማን ነው? በገንዘብ ከሆነ የእህቴ ነው፤ የማድቤቱን ቆርቆሮ ያሳደሰችው እሷ ናት። በአደጋ ከሆነ የወንድሜ ነው። በውርስ ሕግ ከሆነ የሦስታችንም ነው። የወንድሜን ሚስት ግን ማንም አልጠየቃትም። በየጠዋቱ ቅጠሉን የምትጠርገው፣ የፈረጠውን ፍሬ ከዝንብ ጋር የምትሰበስበው እሷ ናት። በአንድ ጉብኝቴ ላይ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስላት መጥረጊያዋን ሳትለቅ፣ «እኔማ ፍሬው እጄ ላይ ቢደርስልኝ ዛፉ ምን አደረገኝ?» አለች። በዚያ ሁሉ የስልክ ክርክር ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ወደ ቁም ነገሩ የቀረበው ይህ ነው።

ለነገሩ ይህ የዛፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስንት ያረጀ ቤት፣ ስንት ያረጀ ዕድር፣ ስንት አዛውንት በዚህ ዓይነት ፍቅር «እንዳለ ይኑር» ተብሎ ተትቷል! «ጋሼን አታስቸግሯቸው» እንላለን። ጋሼም ያለ መነጽር፣ ያለ ሐኪም፣ ጥርሳቸው አልቆ አንድ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። አክብረናቸዋል፤ አልነካናቸውም።

ወንድሜ በመጨረሻ ዛፉን ለማስቆረጥ የጠራቸው ሰው በአትክልት ሥራ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ለመጣል ተጠርተው መጡ። ግንዱን ዞረው ዞረው አዩት፣ በገጀራቸው ጀርባ መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያ «ይህ ዛፍ አልሞተም። ምን አድርጓችሁ ነው?» አሉ። ወንድሜ ስለ ጣሪያው ነገራቸው። «እንግዲያው ከጣሪያው በላይ ያለውን አንዱን ዘንድሮ አወርዳለሁ። ሁለተኛውን ለከርሞ። ሦስተኛውን ከዚያ ወዲያ። ሦስት ዓመት የምትጠሩኝ ከሆነ ዛሬ እወጣለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉት። ወንድሜ፣ «አባባ፣ በአንድ ቀን ቢያልቅ አይሻልም? ዋጋውን አንድ ላይ እንከፍልዎታለን» ቢላቸው፣ «ለእናንተ ይሻላል» ብለው ዝም አሉ።

ወንድሜ ይህን በስልክ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። መጋዝ የያዘ ሰው፣ ለዚያውም ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው፣ ከመቁረጡ በፊት ተመልሶ የመምጣት ዋስትና ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ጠያየቅሁ፤ አነበብኩም። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ውስጥ ይሠራ የነበረ አሌክስ ሻይጎ የተባለ ሳይንቲስት ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ቁስላቸውን የመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያቀረበው ግኝት ባጭሩ ይህ ነው፦ ዛፍ ቁስሉ አይድንለትም። የእኛ ቆዳ ሲቆረጥ የሞተው ተወግዶ በቦታው አዲስ ሥጋ ይተካል። ዛፍ ይህን ማድረግ አይችልም። የሚችለው ቁስሉን ማጠር ነው፤ በተጎዳው እንጨት ዙሪያ መበስበስ እንዳያልፍ ቅጥር ይሠራል፣ ከውጭ በኩል አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። አሮጌው ቁስል ግን ዛፉ እስኪሞት እዚያው ውስጥ ይኖራል። ግንድ ሰንጥቆ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ያረፈን መጥረቢያ እንደ ትናንት ያየዋል።

ከዚህ የሚከተል የእጅ ሥራ ሕግ አለ። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ አንገትጌ ያበጠ ቀለበት ይታያል፤ ቅጥሩ በደንብ የሚሠራው ይህ ቦታ ሲተርፍ ነው። መጋዙ ቀለበቱን ሳይነካ፣ ከእሱ ወጣ ብሎ መቁረጥ አለበት። ከግንዱ ጋር ልክክ አድርገው ከላጩት ቀለበቱ ይጠፋል፤ ረጅም ጉቶ ትተው ከቆረጡትም ጉቶው ይበሰብስና መበስበሱን ወደ ውስጥ ይመራል። ሁለተኛው ሕግ የመጠን ነው። ያረጀና የተተወ የፍሬ ዛፍ በአንድ ዓመት ከአናቱ ከሲሶ በላይ አይወሰድበትም፤ ጠንቃቆቹ ከሩብ አያልፉም። ሥሩ የለመደው ትልቅ አናት መመገብ ነው። አናቱ በአንድ ቀን ሲጠፋ ዛፉ በየቁስሉ ዙሪያ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የሚመዘዙ ልምጮችን ያጎርፋል። ብዙ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ ለዓይን ለምለም ናቸው፤ ፍሬ ግን ቶሎ አይሰጡም። የሚቀንሳቸው ሰው ካልተመለሰ ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቆረጡ በፊት ከነበረው የባሰ ጫካ ይሆናል። አቮካዶ ደግሞ ሌላም ጠባይ አለው። ለዓመታት በጥላ የኖረ ቅርፊቱ ድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግንዱን ኖራ የሚቀቡት ለዚህ ነው።

የሽማግሌው ሦስት ዓመት እንግዲህ ትርጉሙ ተገለጠልኝ። ከመጀመሪያው ቆረጣ በኋላ ዛፉ መልስ ይሰጣል፤ የት እንዳቆጠቆጠ፣ የት እንደደረቀ፣ ብርሃኑ እስከየት እንደገባ። ሁለተኛው ቆረጣ ያንን መልስ አንብቦ የሚደረግ ነው። ቆርጦ የሚሄድ ሰው መልሱን አያነብም። እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ሥራው ከገጀራ አደጋ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

የግብርና ሰዎች ይህን ሥራ «ገረዛ» ይሉታል። ቃሉ ለጆሮ ሸከክ ይላል፤ ሐቀኛ ግን ነው። የሚቆረጠው ነገር ሕይወት እንዳለው ያስታውሳል። «ማሳመር»ና «ማስተካከል» ከሚሉት ይሻላል። (የመጽሔት አዘጋጆችም የጽሑፍን ግማሽ ጥለው «ትንሽ አሳምረነዋል» ይላሉ። «ገርዘነዋል» ቢሉን ቢያንስ ሕመማችንን ያወቁልን ይመስለናል።)

ጥያቄው ከአንድ ግቢ አልፎ የሚከብደው ቡና ላይ ነው። በሲዳማም ሆነ በጌዴኦ፣ በጅማም ሆነ በወለጋ ዕድሜው የገፋ ቡና ሞልቷል። ያረጀ ቡና እንደ አሮጌው አቮካዶ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ታችኛው አካሉ ይራቆታል፣ ምርቱ ይመነምናል። ባለሙያዎች የሚመክሩት «ጉንደላ» ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት መካከል ጠንካሮቹ ሁለት ሦስት ተመርጠው ሌላው ይወገዳል። ሥሩ የቆየ ሥር ስለሆነ አዲሱ ግንድ ቶሎ ያድጋል፤ በሦስተኛው ዓመት ግድም መልሶ ያፈራል፣ በደንብ ከተያዘም ከቀድሞው አብልጦ ይሰጣል። ሳይንሱ ትክክል ነው።

በመካከሉ ግን ሁለት ባዶ ዓመታት አሉ። እነዚያን ዓመታት የሚኖራቸው ማን ነው? ምክሩን የሰጠው ባለሙያ ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ይገባል። ጥናቱን ያጠናው ሰው ወደ ሌላ ጥናት ይሻገራል። ገበሬው የልጁን ደብተር፣ የዕድሩን መዋጮ፣ የጨውና የሳሙናውን ዋጋ የሚያገኘው ግን ከዚያው ካረጀ ዛፍ ላይ ከሚለቅማት ጥቂት ቡና ነው። ጎንድል የሚባለው ይህችን ነው። «አርሶ አደሩ አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚል ዓረፍተ ነገር በስንት ስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ! እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ጊዜ ገበሬው ያልተቀበለው ሒሳቡን ነው። ጥቅሙ ለአገር፣ ጾሙ ለእሱ ቤት ብቻ የሆነ ሒሳብ። ይህ የገባቸው ባለሙያዎች «ማሳህን በአንዴ አትጎንድል፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱን» ይላሉ፤ በተጎነደለው መካከልም ቦሎቄ ያስዘራሉ። የይርጋለሙ ሽማግሌ ለአንድ ዛፍ ያሉትን እነዚህ ለማሳ ይሉታል። ከእነዚህም አልፎ የባዶዎቹን ዓመታት ዋጋ ከገበሬው ጋር ተካፍሎ የሚሸከም ካለ፣ መጋዙን ለማንሳት የመጀመሪያው ባለመብት እሱ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ወደ አገርና ወደ መንግሥት ሊሮጥ ይፈልጋል፤ የዛፍ ወግ ሲጻፍ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ነው። ልጓም መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህ ምሳሌ ሰው ገድሏል። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው የቆሮንቶሱ ገዢ ፔሪያንደር፣ ከተማን ጸጥ አድርጎ መግዣው ዘዴ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ሚሊጢኑ ገዢ ወደ ትራሲቡሉስ መልእክተኛ ይልካል። ትራሲቡሉስ መልእክተኛውን ወደ እህል ማሳ ይዞት ይወጣል። እያዋራው፣ የመጣበትን ጉዳይ መልሶ መላልሶ እየጠየቀው፣ ከሌላው በልጦ ብቅ ያለውን ዛላ ሁሉ እየቀነጠሰ ይጥላል፤ ከማሳው ምርጡ ክፍል እስኪያልቅ ድረስ። ምክር ግን አንድም አልተናገረም። መልእክተኛው ተመልሶ «ወደ እብድ ሰው ነው የላክኸኝ» አለ። ፔሪያንደር ግን ገባው፤ በከተማው ብቅ ብቅ ያሉትን ሰዎች ማጥፋት ጀመረ። በእኛም ዘመን ፖላንድ ተወልዶ ያደገው ሶሲዮሎጂስት ዚግሙንት ባውማን እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ሆሎኮስት ባሳተመው መጽሐፉ፣ ዘመናዊው መንግሥት ሕዝቡን እንደ አትክልት ቦታ፣ ራሱን እንደ አትክልተኛ ሲያይ ምን እንደሚከተል ጽፏል፤ አትክልተኛ ባለበት «አረም» የሚባል ሰው አይጠፋም። እኛስ ብንሆን? በቀይ ሽብር፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የማጽዳትና የመመንጠር ቋንቋ ከቤትና ከእርሻ ወጥቶ በሰው ልጅ ላይ ሲውል ታላላቆቻችን በጆሯቸው ሰምተውታል።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ ግልጽ ነው። ቅርንጫፍ ለራሱ አይኖርም። አይፈራም፣ ተስፋ አያደርግም፣ ማታ የምትጠብቀው እናት የለችውም። ዛፍ በቅርንጫፎቹ ሁሉ አንድ ሕይወት ነው፤ አንዱ ሲወርድ የተረፈው ያው እሱ ነው። ከሰዎች መካከል አንዱ ሲቆረጥ ግን የወደቀው ሙሉ ዛፍ ነው፤ «ለቀሩት ብርሃን ይገባላቸዋል» ተብሎ ሊነገረው አይችልም። ስለዚህ ከጓሮው ሥራ ወደ ሰው ጉዳይ የሚሻገር ነገር ካለ፣ የሚሻገረው ስለ ቆራጩ ግዴታ ያወቅነው ብቻ ነው። ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ባዶዎቹን ዓመታት ከማን ጋር ይካፈላል? መልሱን ለማንበብ ይመለሳል ወይ?

በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ያለው የበለስ ምሳሌ በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ ጣዕም አለው። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጥቷልና ትቆረጥ ይላል፤ የአትክልቱ ሠራተኛ የአንድ ዓመት ጊዜ ይለምንላታል። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ስለ ምሕረቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ የልመናው ዝርዝር ነው። ዙሪያዋን ሊቆፍርላት፣ ፍግ ሊያደርግላት ቃል ይገባል። ተዋት ያለው ሰው በዚያው አፉ ዶማ አነሳ። የለመነው ዓመት የራሱ የላብ ዓመት ነው። እህቴ በስልክ «ተዉት» ስትል የጎደለው ይህ ነበር፤ ወንድሜ «ይቆረጥ» ሲልም የጎደለው ይኸው ነበር። ምሳሌው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በለሷ ታፍራ አታፍራ ሳይነግረን ያበቃል።

«ዱር ውስጥ ያለውን ዛፍ ማን ይገርዘዋል?» አለችኝ እህቴ፣ ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት። ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ማንም አይገርዘውም። የጫካ ዛፍ የታችኛውን ቅርንጫፉን በጥላ ራሱ ያደርቃል፣ ራሱ ይጥላል፤ የሚወድቅበትም ቆርቆሮ የለም። ፍሬው ከላይ ቢሆን ወፉና ጦጣው አይቸገሩም። የእናታችን ዛፍ ግን ከቤቱ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ለሰው እጅ ተብሎ የተተከለ ነው። ገረዛን ለዛፉ ብለን ነው የምናደርገው ብሎ ራስን መሸንገል አያስፈልግም፤ በአመዛኙ ለእኛ ነው። ሆኖም ከጣሪያችን አጠገብ ያኖርነው እኛው ነን። አኑረነው ስናበቃ በጫካ ሕግ ትዳደር ብንለው ውሉን ያፈረስነው እኛ እንሆናለን። እህቴ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ሽማግሌው ስንት ነው የሚጠይቁት?» አለች።

ሁለት ዓመት መጥተዋል። በመጀመሪያው ከማድቤቱ በላይ የነበረው ወረደ፤ እንጨቱ ለስንት ወር ማገዶ ሆነ፣ ግንዱ ኖራ ተቀባ፣ ግቢው ራቁቱን የቀረ መስሎ ለወንድሜ እንኳ ቅር አለው። በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌው መጋዙን ከማንሳታቸው በፊት በአሮጌው ቁስል ዙሪያ የበቀሉትን ልምጮች አንድ በአንድ አይተው ሁለቱን ብቻ አስቀሩ። ባለፈው ወቅት የወንድሜ ሚስት ቆማ የምትለቅመው ፍሬ በአንድ ጎን ታየ፤ የሙዙ ነገር ከተነሳም ሰነባብቷል። የቀረው ሦስተኛው ቅርንጫፍ ነው፤ በእናታችን መኝታ ቤት መስኮት ላይ የሚያጠላው። እህቴ እሱ ሲቆረጥ ልኑር ብላ ለጥር ቲኬት ቆርጣለች። ወንድሜ «መጥታማ አታስቆርጥም» ይላል። ሽማግሌው ሲጠየቁ፣ መጀመሪያ ሲያቅዱ እሱንም ቆጥረውት እንደነበር፣ አሁን ግን ብርሃኑ ወደ ውስጥ ስለገባ ምናልባት ሊተው እንደሚችል፣ ዝናቡ አልፎ ሳያዩት ግን ምንም እንደማይሉ ነገሩን።